ርስት ዋጋ አለውን?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ብዙ ነገር ይገዛል፤ ብዙ ነገርም ይሸጣል። እህሉን ወደ ገበያ ያወጣል፤ በሬውን ይለውጣል፤ የሠራውን ቤት እንኳ ለሌላ አስረክቦ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ነገር ሻጭና ገዢ በዋጋ ከተስማሙ ፍርድ ተጓደለ የሚል የለም። ስለ መሬት ግን የሰው ኅሊና ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ቀላል ፍርድ ለመስጠት አልደፈረም። የጎጃም ባላገር በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲል፥ ርስት ከዕቃ ተራ ወጥቶ ከሰውነት ጋር የተቈራኘ ነገር መሆኑን መናገሩ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መንግሥት ለድኻው ለማካፈል ወይም ለሕዝብ ጥቅም ለማዋል ሲል የገበሬውን እርሻ ወስዶ ገንዘብ ቢከፍል፥ ገንዘቡ ሥራውን ጽድቅ ያደርገዋልን?

ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። የአዋበል ወረዳ ከተማ የሆነችው ሉማሜ ዓባይን ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት የእርሻ አገር ነው። የመንገድ ዳር ከተማ ስትሰፋ የምትሰፋው በባዶ ምድር ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በሚታረስ መሬት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲሠራ፥ መንገድ ሲቀየስ፥ ለነዋሪ ቦታ ሲታደል፥ በዚያ ቦታ ላይ ሞፈር የሚያሳርፍ አንድ ሰው አለ። በሌላ ወገን ደግሞ አባቱ ከያዘው ጥቂት ጥማድ ሌላ ተስፋ የሌለው፥ ዕድሜው ለትዳር የደረሰ ወጣት አለ። ሁለቱም መንግሥትን ይመለከታሉ፤ አንዱ አትውሰድብኝ ይላል፤ ሁለተኛው ስጠኝ ይላል። ለሁለቱ የሚበቃ ፍርድ ማግኘት የዳኛም የካህንም ፈተና ነው።

በቅዱስ መጽሐፍ መሬት በዋጋ የተፈለገበት ታሪክ ብዙ ነው፤ ከነዚህም ሦስቱ ለዚህ ነገር ምስክር ይሆናሉ። የመጀመሪያው የናቡቴ ነው። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በፈለገ ጊዜ ከርሱ የሚሻል የወይን ቦታ ወይም የዋጋውን ብር እሰጥሃለሁ ብሎ ነበር። እስከዚህ ድረስ በንጉሡ ነገር ግፍ አይገኝም፤ ዋጋውም የሚናቅ አልነበረም። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት ለመስጠት እንቢ አለ። ኃጢአቱ የጀመረው ንጉሡ ይህን እንቢታ እንደ ስድብ በቈጠረው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኤልዛቤል በሐሰት ምስክር የሠራችው ሥራ የዚህ ንቀት ፍሬ ነው።

ሁለተኛው የዳዊት ነው። ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ሳለ ዳዊት ያለ ዋጋ አልወስድም ብሎ አምሳ ሰቅል ብር ከፈለ። በነጻ ለመውሰድ የሚችል ባለ ሥልጣን ለመክፈል የተከራከረበት ታሪክ ነውና ለገዢዎች ሁሉ መስተዋት ነው። ሦስተኛው የዮሴፍ ነው። በግብፅ ራብ በጸና ጊዜ ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን፥ ቀጥሎ ከብቱን፥ በመጨረሻም ምድሩንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ፤ ዮሴፍም ዘር ሰጥቶ አምስተኛውን እጅ ለፈርዖን እንዲያገቡ ሥርዐት አደረገ። የካህናቱን ምድር ብቻ አልገዛም። በዚህ ግዥ ሻጩ ፈቃዱን በቃሉ ተናግሯል፤ ነገር ግን የተናገረው ራብ ነበር። የዳኑት ነፍሳት ብዙ ስለ ሆኑ ዮሴፍ ይመሰገናል፤ ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ በግብፅ ምድር ከፈርዖንና ከካህናቱ በቀር ባለርስት አልቀረም።

ከነዚህ ሦስት ታሪኮች አንድ ነገር ይገኛል። ግዥ ማለት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ፈቃድ ነው። አይሆንም ለማለት የማይችል ሰው ሻጭ አይባልም፤ የሚከፈለውም ገንዘብ የሽያጭ ዋጋ ሳይሆን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

የጎጃም ርስት ከገበያ የራቀ ሥርዐት ነበረ። መሬቱ የሚቈጠረው በመጀመሪያው አቅኚ አባት ስም ሲሆን፥ በአባትም በእናትም ወገን ከርሱ መወለዱን ያስረዳ ሁሉ ድርሻውን ለመጠየቅ ይችል ነበር። ባለርስቱ በዕድሜው ያርሰዋል፤ ለልጆቹም ያወርሰዋል፤ ነገር ግን የቀደሙትና የሚመጡት ዘመዶቹ ሁሉ በርሱ ላይ መብት ስላላቸው እንደ ነጋዴ ዕቃ ወስዶ የሚጥለው አልነበረም። ይህ አሳብ ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ሰው በርሷ ላይ እንግዳ ነው ከሚለው ከኦሪት ትምህርት ብዙ አይርቅም። በዚያው ሥርዐት ደግሞ ነቀፌታ አልታጣበትም። ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም፤ ብዙ ሰዎችም ሀብታቸውን በሙግት ጨርሰዋል፤ ትውልዱን ለማስረዳት ያልቻለና በእጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ከርስት ውጭ ሆኖ ይኖር ነበር።

ባላገሩ ለዚህ ርስቱ ምን ያህል ይሳሳ እንደ ነበረ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ጎጃም ተነሣ። ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ እያለ ያደገ ሕዝብ ለብዙ ወራት የመንግሥትን ጦር እስከ መቋቋም የደረሰው፥ ስለ ግብሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ግምቱ የርስቱን መሄድ የሚያስከትል መስሎት ስለ ሠጋ ነው። በመጨረሻ መንግሥት አገረ ገዢውን ለወጠ፤ የተወዘፈውንም ግብር ማረ።

በደቡቡ አገር ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያ ጭሰኛው የሰውን መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ይከፍል ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ፤ በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ ግን ሳይጸድቅ ዘመኑ አለፈ። በሌላው ዓለም በዋጋ የተፈጸመ ማካፈል ነበረ። እንግሊዝ በ1903 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ የአየርላንድ ጭሰኞች ከመንግሥት ተበድረው መሬቱን ከባለቤቶቹ እንዲገዙ አደረገች፤ ብድሩም በብዙ ዓመታት የሚከፈል ነበር። ጃፓን ደግሞ ከ1946 ጀምሮ መንግሥቷ ከባለ መሬቶች ገዝቶ ለጭሰኞች ሸጠ። በጃፓን የተቈረጠው ዋጋ ገንዘቡ በመርከሱ ምክንያት ለባለ መሬቶቹ ከምንም የማይቈጠር ሆኖ ቀርቷል፤ አገሪቱ ግን በአራሾች እጅ ጸና።

በኢትዮጵያ ጥቂቱን በዋጋ ለመልቀቅ ያልወደዱት ሁሉንም ያለ ዋጋ አጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለመሬቱም ካሣ እንደማይከፈል ደነገገ። ቤተ ክርስቲያንም የሰሞንና የሪም መሬቷን በዚያ ቀን ለቀቀች። የፈርዖን ካህናት በዮሴፍ ዘመን ያገኙትን ምሕረት የኢትዮጵያ ካህናት አላገኙም። ይሁን እንጂ ካህን ስለዚህ ነገር ሲፈርድ የራሱን ቍስል ብቻ እያየ እንዳይፈርድ መጠንቀቅ ይገባዋል፤ በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይም ግብር የሚከፍል፥ ርስት የሌለው አራሽ ነበርና።

ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ፤ የጎጃም ገበሬም ይህን ዘመን አይረሳውም። በቀድሞው መንግሥት የቀበሌ ሹመት የነበራቸው ሰዎች ቢሮክራት ተብለው፥ ከቀድሞ ባላባቶች ጋር ከአራት ጥማድ፥ ይኸውም ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ብቻ እንዲቀርላቸው ተደረገ። የተረፈው ለሌሎች ተሰጠ። ከተቀበሉት መካከል ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶችና መሬት ያልነበራቸው ጎልማሶች ነበሩ፤ ይህ ሊካድ የማይገባው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ የተጓዙ ገበሬዎች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ያሳዘናቸው መሬቱ መከፈሉ ብቻ አይደለም፤ የጎጃም ርስት ከጥንትም ሲከፋፈል የኖረ ነው። ያሳዘናቸው ሰው በሥራው ሳይመረመር በተሰጠው ስም መመዘኑ ነው። ካሣ አልነበረም፤ ካሣ ቢኖርም ስሙን አይመልስም ነበር።

አሁን ያለው ሥርዐት የቆመው በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት ላይ ነው። በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ተደንግጓል፤ ገበሬውም መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት ተሰጥቶታል። በዚያው አንቀጽ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ ለመውሰድ ይችላል። እንግዲህ መንግሥት ከገበሬው የሚወስደውን መሬት አይገዛም፤ የራሱ ነውና። የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ስላፈራው ንብረትና ስለሚቋረጠው ኑሮ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት ገቢውን ዐሥር እጥፍ ወሰነ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው።

ዐሥራ አምስት እጥፍ ከዐሥር እጥፍ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጕድለት አላቸው። ዐሥራ አምስት ዓመት የሰው ዕድሜ አይደለም፤ የቤተ ሰብ ዕድሜማ ከቶ አይሆንም። በየዓመቱ በአውድማ ይገኝ የነበረው በረከት በአንድ ቀን በወረቀት ብር ተቈጥሮ ሲሰጠው፥ እንደዚህ ያለ ገንዘብ በእጁ ይዞ የማያውቅ ገበሬ ምን ያደርግበታል? ነጋዴ ለመሆን አልተማረም፤ ዘመዱ ያበድረኝ ይላል፤ ኑሮ ይወደድበታል። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ልጁ መሬትም ገንዘብም የሌለው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መሬት ለርሱ ሀብት በሆነለትና መሬት ለርሱ እንጀራ በሆነለት ሰው መካከል ልዩነት ማድረግ ግድ ነው። የጃፓን ባለ መሬት ከእርሻው ርቆ በከተማ የሚኖር፥ ከብዙ መሬቶቹ ጥቂቶቹን የለቀቀ ሰው ሊሆን ይችላል። የሉማሜ አራሽ ግን ሁለተኛ እርሻ የለውም። ለመጀመሪያው ዋጋ ይበቃዋል፤ ለሁለተኛው ዋጋ ብቻውን አይበቃውም።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ሰው ሁሉ እንደ ናቡቴ እንቢ ቢል መንገድ እንዴት ይወጣል? ሐኪም ቤት በምን ላይ ይሠራል? መሬት የሌለው ወጣት እስከ መቼ ይኖራል? ከ1989 ዓ.ም. በኋላ ክልሉን ያዳረሰ አዲስ ክፍፍል አልተደረገምና፥ በዚያን ዘመን ሕፃን የነበረው ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። ይህ ክርክር እውነት አለው። የአንድ ሰው እንቢታ የብዙዎች እንቅፋት ሊሆን አይገባም፤ መንግሥትም በችግር ጊዜ ለመውሰድ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

ነገር ግን መውሰድን ግዥ ብሎ መጥራት ኅሊናን ማስተኛት ነው። ገዢ ዋጋውን ከከፈለ ዕዳው አለቀ፤ ሻጩ ወድዶ ሸጧልና። ወሳጅ ግን ሌላው ሳይወድ የወሰደ ስለ ሆነ ዕዳው ከገዢ ዕዳ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ገዢ ያለበት ዕዳ ዋጋ ብቻ ነው፤ ወሳጅ ግን አራት ነገር አለበት። መጀመሪያ ዋጋውን ሳያጓድል፥ ሳያዘገይም ይክፈል። ሁለተኛ ስለ ምን እንደሚወስድ ለባለ ይዞታው ፊት ለፊት ያስረዳ፤ የርሱንም ቃል ሹም ባልሆነ ዳኛ ፊት ይስማ። ሦስተኛ የተቋረጠውን ኑሮ በሌላ ኑሮ ለመተካት ይድከም፤ ይኸውም በመሬት ወይም በሙያ ነው። አራተኛ የወሰደውን ለተናገረለት ሥራ ያውል። ለድኻ ተብሎ ተወስዶ ለባለጸጋ የተሰጠ፥ ወይም ታጥሮ ዳዋ የበላው እርሻ፥ ዐሥራ አምስት እጥፍ ቢከፈልበትም የናቡቴ ወይን ቦታ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የክልሉ ገበሬ የባልና የሚስት ስም የተጻፈበት የይዞታ ደብተር መቀበል ጀምሯል። ይህ ደብተር የሽያጭ ሰነድ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ሰውና ይህችን ሴት ሳትጠይቅ አትለፍ የሚል የመንግሥት የራሱ ቃል ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ሹም የዳዊትን መንገድ ይዟል። ካህኑም ሆነ የተማረው የከተማ ሰው በሽማግሌነት ወይም በገማችነት ሲጠራ የሚመዝነው ጤፉን ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። የከተማው ሰው ቤቱን የሠራበት ቦታ ትናንት የማን እርሻ እንደ ነበረ ቢጠይቅ፥ ያም ሰው ዛሬ በምን እንደሚኖር ቢመረምር፥ ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ ያገኘዋል።

እንግዲህ ርስት ዋጋ አለውን? በላዩ የበቀለው እህል፥ የቆመው ቤት፥ የተተከለው ባሕር ዛፍ ዋጋ አለው፤ ይህም በሐቅ መከፈል አለበት። ምድሪቱ ግን የፈጠራት ናት፤ ባለርስቱም መንግሥቱም በርሷ ላይ መጋቢዎች ናቸው። መጋቢ ከመጋቢ ሲቀበል ገዛሁ አይልም፤ አደራ ተቀበልሁ ይላል እንጂ። ስለ አደራም የሚጠየቀው ስንት ከፈልህ ተብሎ ሳይሆን፥ ያን ሰው ወዴት ጣልኸው ተብሎ ነው።