የአለቃ ጠባይና የሥራ በረከት

የሰው ልጅ ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን ሥራ ከባልንጀራው ጋራ ተባብሮ ይፈጽመው ዘንድ ግድ ሆኖበታል፤ ማኅበርም፣ ኩባንያም፣ ፋብሪካም የቆሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድነት በሚሠሩበት ስፍራ ሁሉ አዛዥና ታዛዥ መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን ሥራው በለማ ጊዜ ሰው ምስጋናውን ለገንዘቡ፣ ለመሣሪያውና ለመሬቱ ይሰጣል፤ በጠፋም ጊዜ በገበያው ወይም በሠራተኛው ስንፍና ያመካኛል። የአዛዡን ጠባይ ከሂሳብ መዝገብ ውስጥ የሚያገባው ጥቂት ነው። እንግዲህ አለቃ ለሠራተኛው ቅን መሆኑ የደግነት ጌጥ ብቻ ነውን? ወይስ የሥራው ትርፍና ኪሣራ የሚወሰንበት ነገር ነው? ጥያቄው የነጋዴዎች ብቻ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የሰው ክብር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

የዚህን ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአርሲ፣ በጀጁ ወረዳ፣ በአርቦዬ ከተማ ዙሪያ ያለው ገበሬ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገበሬ ሁሉ የደቦን ሥራ ያውቃል። ባለእርሻው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እነርሱም ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ቀን አዛዡ ባለእርሻው ነው፤ አጨዳው ከየት እንዲጀመር፣ ነዶው ከየት እንዲከመር የሚናገር እርሱ ነው። ሆኖም ቀድሞ የሚያጎነብስ፣ ለመጡትም ምግቡንና መጠጡን አሟልቶ የሚያቀርብ እርሱ ራሱ ነው። ከአጫጆቹ መካከል ዳተኛ ቢገኝ ዱላ አያነሣበትም፤ የባልንጀሮቹ ቀልድና የራሱ ኀፍረት ይበቁታል። ከሁሉም በላይ፣ ዛሬ ያዘዘው ባለእርሻ ነገ በሌላው ማሳ ላይ ታዛዥ እንደሚሆን ያውቃልና ትእዛዙ በልክ ነው። ደቦ ያለ አለቃ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አለቃው ነገ ታዛዥ መሆኑን የማይረሳበት ሥራ ነው።

ይህን ሲሰማ የሚቃወም አይጠፋም። ደቦ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ተጠሪዎቹም የሚተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው፤ ኩባንያ ግን ለብዙ ዓመት የሚቆምና የማይተዋወቁ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ስለ ሆነ በቀልድና በኀፍረት አይገዛም ይላል። ተቃውሞው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በትልቅ ሥራ መፈተን ያስፈልጋል፤ ለዚህም የአርሲ ምድር ራሱ በቂ ምስክር ነው።

ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለመደው ስሙ ካዱ፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራውን ያዘ። የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ሰጠ፤ ሠራተኞቹም በየመንደሩ ተቀምጠው ከገበሬው ጋራ በማሳው ላይ ተነጋገሩ። አዲሱ ዘር በቃል ብቻ አልተሰበከም፤ ጎረቤቶቹ በሚያዩት በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተዘርቶ ታየ። በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያ በብድር የወሰዱት ገበሬዎች ሁለት መቶ የማይሞሉ ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከ10 ሺሕ በላይ ሆኑ። ማንም ሳይገደድ ይህን ያህል ሰው የመጣው የሚያምነውን በዓይኑ ስላየ ነው።

ነገር ግን የዚህ ሥራ መልካምነት በአንድ በኩል ጐደሎ ሆነ። ስንዴው ትርፍ ማስገኘት በጀመረ ጊዜ፣ መሬቱ የባለርስት ነበርና፣ ትራክተር የገዛው ባለመሬት ጭሰኛውን ከርስቱ ያስነሣው ጀመር። ምርት እየበዛ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ። የድርጅቱ ሰዎች ይህን አልፈለጉትም፤ ሆኖም ሥራ ለማ ሲባል ለማን እንደ ለማ ሳይጠየቅ መቅረት እንደማይገባ ጭላሎ አስተማረች። በላቡ ያለማው ሰው ከአውድማው ዳር ቆሞ የሚቀርበት ልማት በመዝገብ ላይ ቢያምርም የተሟላ አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባለርስትነት ቀረ። ይሁንና አዲስ አለቃ መጣ። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው መሬቱንና በሬውን አንድ አድርጎ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገባ መንግሥት ገፋፋው፤ አርሲም ይህ ማኅበር ከተስፋፋባቸው ክፍላተ ሀገር አንዷ ነበረች። ሥራው በነጥብ ይቈጠራል፤ ምርቱም በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ ይሰጣል። መደጋገፍ የሚለው አሳብ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ከደቦ ጋራም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ትእዛዙ ከማሳው ሳይሆን ከላይ መምጣቱ ነው። ነጥቡን የሚጽፈው ሰው የሰውየውን መቆም እንጂ የሥራውን ጥራት አይጽፍም፤ ስለዚህ ገበሬው ለማኅበሩ ማሳ እግሩን፣ ለጓሮው ቊራሽ መሬት ግን ልቡን ሰጠ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜም የሆነው ሁሉን አስደነቀ፤ ማኅበሮቹ የሚበዙት በጥቂት ወራት ውስጥ በአባሎቻቸው ፈቃድ ፈረሱ፤ መሬቱና በሬው ተከፋፈለ። ምድሩ ያው ነው፤ ገበሬውም ያው ነው፤ የተለወጠው አገዛዙ ብቻ ነበር።

ይህ የእርሻ ነገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት በተባለች ከተማ የሆነውን ይመልከት። በዚያ የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ፋብሪካ ነበር። አለቆቹና ሠራተኞቹ እንደ ጠላት ይተያዩ ነበር፤ ከአምስቱ ሠራተኛ አንዱ ከሥራው ቀርቶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነበር፤ የሚወጡትም መኪናዎች ጉድለት ያለባቸው ነበሩ። ፋብሪካው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ተዘጋ። በ1984 ዓ.ም. ግን የጃፓኑ ቶዮታ ከጄኔራል ሞተርስ ጋራ ተሻርኮ እንደገና ከፈተው፤ ከቀድሞዎቹ ሠራተኞችም የሚበዙትን መልሶ ቀጠረ። ከነዚያም ብዙዎቹን ወደ ጃፓን ልኮ አሠራሩን አሳያቸው። በየሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ማንም ሠራተኛ ጉድለት ባየ ጊዜ ገመዱን ስቦ ሥራው ሁሉ እንዲቆም ማድረግ ይችል ነበር። የሳበውም አይቀጣም፤ አለቃው መጥቶ ምን እንደ ገጠመው ይጠይቀዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰነፍና ዐመፀኛ የተባሉት እጆች በጥራታቸው የተመሰገኑ መኪናዎችን አወጡ።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይገኛል። በፍርሃት የሚገዛ አለቃ የሚከስረው የሠራተኛውን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጉልበትንስ ዱላም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ ያስገኘዋል። የሚከስረው እውነትን ነው። የተሰበረውን መሣሪያ ቀድሞ የሚያውቅ የሚሠራበት ሰው ነው፤ የነቀዘውን እህል ቀድሞ የሚያይ ጎተራውን የሚጠብቅ ነው። ይህ ሰው በተናገረ ጊዜ የሚሰደብ ከሆነ ዝም ይላል፤ የተጠየቀም እንደ ሆነ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይመልሳል። አለቃውም ሁሉ ደኅና ነው እየተባለ ወደ ገደል ይሄዳል። ገመድ መስቀል ቀላል ነው፤ ገመዱን የሳበውን አለመቆጣት ግን ልብን መግዛት ይጠይቃል።

የዛሬውን የአርሲ መኸር ለሚያይ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ስንዴውን የሚያጭደው በኪራይ የሚመጣ ኮምባይነር ነው፤ ዋጋውም በኩንታል ይታሰባል። ባለቤቱ ነጂውን ስንት ኩንታል አጨድክ ብሎ ብቻ የሚጠይቀው ከሆነ፣ ነጂው ይፈጥናል፤ በፈጠነም ቁጥር ፍሬው በገለባው መካከል ይወድቃል። ስንት ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ ባለቤት ያለው ነጂ ግን ማሽኑን ያስተካክላል፤ ገበሬውም በሚመጣው ዓመት ያንኑ ማሽን ይፈልጋል። አለቃ የሚጠይቀው ጥያቄ የሠራተኛው ጠባይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቅንነት ልቅነት እንዳይመስል መጠንቀቅ ይገባል። ሰውን ላለማስቀየም ሲል ሂሳብ የማይመረምር፣ ዘመዱን ከትጉሁ በላይ የሚሾም፣ ሌባውን በይሉኝታ የሚያልፍ አለቃ ደግ አይባልም፤ የሚጠብቀውን የሌሎችን ላብ ለአንዱ ይሰጣልና። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ተረት ሹመትን እንደ ማዕድ የሚያይ ሰው ቃል ነው፤ በዚህ አሳብ የሚመራ ድርጅት ምንም ካፒታል ቢኖረው አይቆምም። በፍርሃት የሚገዛውና በይሉኝታ የሚገዛው የሚለያዩ ቢመስሉም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም እውነትን ይሸሻሉ።

ለመልካሙ መንገድ ግን የቅርብ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋራ በተደረገ ውል ሲቋቋም፣ አብራሪዎቹና አስተዳዳሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንና ቦታውን ለእነርሱ ማስረከብ የሥራው ክፍል ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ አየር መንገዱ ግን ቆየ። ለመቆየቱ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ አንዱ ሌላውን ለቦታው የሚያበቃበት ልማድ ከመሠረቱ ጀምሮ መኖሩ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። በሰማይ ላይ ስሕተትን መደበቅ ሞት ስለሚያመጣ፣ በዚያ ሥራ እውነትን መናገር ከትሕትና ያልፋል፤ ግዴታ ነው። በምድር ላይ ያለው ሥራ ግን ስሕተቱ ዘግይቶ ስለሚገለጥ ብቻ ያንኑ ሕግ ይረሳል።

እንግዲህ አንድ ድርጅት እንደሚቆም ወይም እንደሚፈርስ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሕንፃውንና የባንኩን ደብተር አይቶ አይበቃውም። ሦስት ነገር ይመርምር። አለቃው ፊቱን ባዞረ ጊዜ ሠራተኛው ምን ይሠራል? ለአለቃው የማይወደውን ነገር የሚነግረው ሰው አለን? አዝመራው በተሰበሰበ ጊዜስ ያጨደው ከአውድማው ድርሻ ያገኛልን? እነዚህ ሦስቱ ደኅና ከሆኑ ድርቅም ኪሣራም ቢመጣ የሚያነሡት እጆች ይገኛሉ። ካልሆኑ ግን አለቃው ብዙ ሠራተኛ እንዳለው ይመስለዋል እንጂ ብቻውን ነው፤ ብቻውን ያለ ሰውም ሰፊውን ማሳ አያጭድም።