መስታወቱን የሚያበቃው ማቀዝቀዙ ነው

ልጆቼ፣ በእቶን ውስጥ መስታወት እያለሰለሳችሁና እያጣበቃችሁ መሥራት ከጀመራችሁ ወዲህ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ማቅለጥ ነው። በስንት ዲግሪ ይታጠፋል፣ በስንት ይጣበቃል፣ በስንት ይፈሳል ትሉኛላችሁ። ቁጥሮቹን ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ፤ የምሰስተው ነገር የለም። አጥብቄ የምመክራችሁ ግን ስለ ማቀዝቀዝ ነው። ቆንጆ ሆኖ የቀለጠ ሳህን በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ለሁለት ሲከፈል ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል።

መስታወት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንት ዘመን በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ከግብፅ የመጣ የመስታወት ዕቃ እንደነበረ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መጽሐፍ የሆነው ፔሪፕለስ ይመሰክራል። ወደ ራሳችን ዘመን ስንመጣ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ቆሟል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል፤ ሄዳችሁ ማየት ከቻላችሁ እዩት። ሐሳቡና ንድፉ የእኛው ሰው ነበር፤ መስታወቱ ግን የተዘጋጀው በፈረንሳይ ባለሙያዎች እጅ ነው። የእናንተ ሥራ ዘዴው ከዚያ ይለያል፤ በእርሳስ አታያይዙም፣ በእሳት ታዋሕዳላችሁ። ቢሆንም ንድፉም እሳቱም እዚሁ የሆነ ትልቅ ሥራ ከእናንተ እጅ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ሙያ የተመቸ ሰፈር ነው። ብየዳ የሚያውቅ ጎረቤት አላችሁ፤ የእቶን ሳጥን የሚሠራላችሁ፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚለውጥላችሁ ሰው አይጠፋም። ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ የኮንዶሚኒየም መስኮት የሚገጥሙ የአሉሚኒየም ሥራ ቤቶች በየቀኑ ቁርጥራጭ መስታወት ይጥላሉ። ቆራሌው ጠርሙስ ያመጣል። ፈተናውም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ በነፃ የተገኘ መስታወት ሁሉ አንድ ይመስላል፣ አንድ ግን አይደለም።

አንድ ሜትር የመስኮት መስታወት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝም ያንኑ ያህል ያጥራል። የጠርሙስ መስታወት ሌላ ልክ አለው፤ ከውጭ የሚገባው የቀለም መስታወትም እንዲሁ። ሁለት ዓይነት መስታወት አንድ ላይ ቀልጦ ከተዋሐደ በኋላ አንዱ ከሌላው ትንሽ በልጦ ልጠር ሲል ሌላው ይዞ ያስቀረዋል። በ30 ሴንቲ ሜትር ሳህን ላይ የአንድ ፀጉር ውፍረት የሚያህል ልዩነት ሳህኑን ለመስበር ይበቃል። አንዳንዴ ወዲያው ይሰበራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከተሸጠ በኋላ፣ የገዛው ሰው ቤት ነው የሚሰበረው። የሙያችሁን ስም የሚያጠፋው ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ሳላችሁ አንድ ሥራ ከአንድ ገበታ መስታወት ብቻ ይቆረጥ። የአሉሚኒየም ቤቱን ልጅ ተለማመጡት፤ ቁርጥራጩን ሲሰጣችሁ ከየትኛው ገበታ እንደወጣ ምልክት ያድርግላችሁ። ጠርሙስ ከሆነ ብቻውን አጋድማችሁ ጠፍጥፉት፤ አንድ ጠርሙስ ከራሱ ጋር አይጣላም። ሁለት ጠርሙስ ለማጣበቅ ግን፣ ፋብሪካቸው አንድ ቢሆንም እንኳ፣ አስቀድማችሁ ፈትኑ።

ፈተናው ርካሽ ነው። ከዋናው መስታወት ሦስት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ውሰዱ፤ የምትጠረጥሩትን መስታወት በጥፍር ልክ ሰባብራችሁ ከላዩ ደርድሩ፤ እስኪዋሐድ አቅልጡና በሥርዓቱ አቀዝቅዙ። ከዚያ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ የተሰበረ ጠፍጣፋ የኮምፒውተር ወይም የቴሌቪዥን ስክሪን ፈልጉ። ከፊቱ ላይ የተለጠፈውን ብርሃን የሚያጣራ ስስ ፕላስቲክ ላጡና ለሁለት ቁረጡት። ሁለቱን ደራርባችሁ ወደ ብርሃን እያያችሁ አንዱን ስታዞሩ እይታው የሚጨልምበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ አቁሙና መስታወታችሁን በመካከላቸው አስገቡ። ሁሉም ጨለማ ሆኖ ከቀረ ሁለቱ መስታወቶች ይስማማሉ። በቁራጩ ዙሪያ፣ በተለይም በማዕዘኑ ላይ፣ ነጭ ብርሃን ከበራ ግን ውስጡ ውጥረት አለ፤ ያን መስታወት ለሌላ ሥራ አቆዩት። የብርሃኑ ድምቀት የውጥረቱን ብርታት ይነግራችኋል።

የማትነኩትም አለ። የመኪና የፊት መስታወት በመካከሉ ፕላስቲክ አለበት፤ ተዉት። የጎን መስታወቱና የሱቅ በር መስታወት ደግሞ በፋብሪካ የጠነከረ ስለሆነ መቁረጫ እንደነካው ይበታተናል። የፊት ማያ መስታወት ጀርባው በብረትና በቀለም የተሸፈነ ነውና ሳይጸዳ እቶን ውስጥ አይግባ፤ በተዘጋ ክፍል ጭሱን መተንፈስ አይበጅም።

አሁን ቁጥሮቹ። 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የመስኮት መስታወት ሁለት ደራርባችሁ ሳህን ልትሠሩ ነው እንበል። መስታወቱን በውኃ እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ በኋላ በጠርዙ ብቻ ያዙ፤ የጣት አሻራ ተቃጥሎ ይቀራል። የእቶኑን መደርደሪያ በካኦሊንና በአሉሚና ሃይድሬት ቀቡና በደንብ አድርቁ። በሰዓት ከ150 ዲግሪ ሳትበልጡ እስከ 660 ውጡ፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው አየር የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፍጥነት ወደ 820 ወይም 830 ውጡ። በ700ዎቹ ውስጥ መንቀራፈፍ የመስኮት መስታወትን ፊት ያጨፈግገዋል፤ እየወጣችሁም እየወረዳችሁም ቶሎ እለፉት። በላይኛው ሙቀት 10 ወይም 15 ደቂቃ ከቆያችሁ ይበቃል። የተዋሐደውን ሳህን በሞልድ ላይ ለማጠፍ ግን ከ650 እስከ 720 ባለው መካከል ነው፤ በጉድጓዱ ጥልቀት ይወሰናል። እነዚህ መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። የእናንተ እቶን ሙቀት መለኪያው (ተርሞካፕሉ) በተሰቀለበት ቦታ ልክ ከሌላው ይለያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እሳት በደብተር ጻፉ።

ማቀዝቀዙ እነሆ። ለመስኮት መስታወት የማረጋጊያው ሙቀት 550 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት መስታወቱ ቅርጹን ይዟል፤ ውስጡ ግን ገና ውጥረቱን ማላላት ይችላል። 8 ሚሊ ሜትር ለሆነው ሳህን አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩት። ከዚያ በሰዓት 50 ዲግሪ እየቀነሳችሁ እስከ 430፣ በሰዓት 100 ደግሞ እስከ 370 አውርዱ፤ ከዚያ ወዲያ አጥፍታችሁ ተዉት። ክዳኑን እጃችሁን የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ አትክፈቱ። እንግዳ መጥቶ አሳዩኝ ቢል ነገ ና በሉት። ውፍረቱን እጥፍ ስታደርጉት ለማውረጃው የሚያስፈልገው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ጓደኛችሁ ለሳህን የተጠቀመበትን ሰዓት ወስዳችሁ ለወፍራም ቅርጻ ቅርጽ አታውሉት።

መብራት ሲሄድስ? ይህ በእኛ ሰፈር በየጊዜው የሚገጥም ነገር ነው። መጀመሪያ ክዳኑን አትንኩ። ጥሩ ጡብ የለበሰ እቶን ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይይዛል። መብራቱ ሲሄድ ሰዓቱንና ዲግሪውን ጻፉ፤ ኮንትሮለሩን አጥፉት፣ መብራት ሲመጣ በራሱ ከመጀመሪያው እንዳይነሣ። ሲመለስ ስንት ላይ እንዳለ እዩ። ገና ከ500 በላይ ከሆነ ወደ 550 መልሱትና የማረጋጊያውን ሰዓት ከዜሮ ጀምሩ። ከዚያ በታች ወርዶ ከሆነ በሰዓት ከ100 ዲግሪ ባነሰ ፍጥነት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ 550 አውጡትና እንደ አዲስ አረጋጉት። እኩለ ሌሊት ላይ ቢሆንም ይህን ሥራ ለነገ አታሳድሩት።

ይህ ችግር የድኻ ሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ኮርኒንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የቀለጠው 20 ቶን የሚመዝን የመስታወት ዲስክ ለማቀዝቀዝ 10 ወር ፈጅቷል። በ1935 ክረምት፣ ገና በመቀዝቀዝ ላይ ሳለ፣ ወንዙ ሞልቶ ከተማውን አጥለቀለቀ፤ የኤሌክትሪኩም ኃይል ለቀናት ተቋረጠ። ሠራተኞቹ የመቆጣጠሪያ መሣሪያውን ከጎርፉ አሽሽተው፣ ኃይሉ ሲመለስ ማቀዝቀዙን ቀጠሉ። ዲስኩ ተረፈ፤ ተስሎና ተወልውሎ ዛሬም ሰማይን ያያል። የአቃቂ ወንዝ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ልጆች እቶናችሁን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ኮንትሮለሩን ከእቶኑም በላይ።

ስለ ቀለም አጭር ነገር ልበል። የመስኮት መስታወት ቀለም የለውም፤ ጠርዙን ብታዩት ብቻ በውስጡ ባለው ብረት ምክንያት አረንጓዴ ነው። ከብረታ ብረት ቤቶቹ የምታገኙት መዳብ ሊያግዛችሁ ይችላል። መዳብ ከመስታወት እጥፍ ገደማ ስለሚዘረጋ እንደ ወረቀት የሳሳውን ብቻ በሁለቱ መካከል አስገቡ። እንደ እሳቱና እንደሚያገኘው አየር ቀይ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ይወጣዋል።

በመጨረሻ የምላችሁ ስለ ሳንባችሁ ነው፤ ይህን ለመናገር ግን እዚህ ድረስ መቆየት አልነበረብኝም። ሞልድ ስትሠሩ ጀሶውን ከሲሊካ ዱቄት ጋር እኩል ለእኩል ትቀላቅላላችሁ። ያ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ በዓመታት ውስጥ የሚያመጣው በሽታም መድኃኒት የለውም። በአፍና አፍንጫ ላይ የሚታሠረው የጨርቅ ጭምብል አያድንም፤ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራውን፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥመውን ግዙ። የካኦሊን ቅቡን ከመደርደሪያ ስትፍቁም፣ የእቶን ጥጥ ስትቆርጡም አድርጉት። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። የሥራ ልብሳችሁ ወርክሾፑ ውስጥ ይደር፤ ሕፃን የምታቅፉበት ቤት ይዛችሁት አትግቡ። የጋለ እቶን ውስጥ ስታዩም ለዚያ የተሠራ መነጽር አድርጉ፣ ቶሎም መልሳችሁ ዝጉ። የመጀመሪያውን ገቢ ስታገኙ፣ ሌላ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ጭምብሉን ግዙ።