ዛቢያን አስቀድሞ ስለ መምረጥ
ፊዚክስ ለሚማሩ ወጣቶች የተሰጠ ምክር

ልጆቼ ሆይ፥ ቀጥ ባለ መሥመር የሚሄደውን ነገር ሕግ በሚገባ ካጠናችሁ በኋላ፥ መዘውርና መንኰራኵር፥ ተንከባላይ ኳስና ሲሊንደር የሞላበት ምዕራፍ ሲገጥማችሁ፥ እስከዚያ ያወቃችሁት ሁሉ የከዳችሁ መስሏችሁ ብትደነግጡ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን በርቀት ፈንታ ማዕዘን፥ በኃይል ፈንታ ቶርክ፥ በመጠነ ቁስ ፈንታም የኢነርሽያ ሞመንት ተተካ እንጂ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ጠባዩን አልለወጠም። አዲስ ሆኖ የመጣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ነገሩ የሚዞረው በየትኛው ዛቢያ ዙሪያ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ዛቢያው ሳይወሰን ቶርክም ሆነ የኢነርሽያ ሞመንት ቍጥር የላቸውም፤ አንዱ ኃይል በአንዱ ዛቢያ ብርቱ ቶርክ ሲኖረው በሌላው ዛቢያ ባዶ ሊሆን ይችላልና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ንባቡን ሳያቀና ወደ ትርጓሜ እንዳይሻገር እንደሚከለክለው ሁሉ፥ እናንተም ሥዕሉን ሳትሥሉ፥ ዛቢያውን በነጥብ ሳታመለክቱና የትኛውን አዟዟር አዎንታዊ እንደምትሉት ሳትወስኑ ወደ ሒሳቡ እንዳትሻገሩ ራሳችሁን ከልክሉ።

ለምሳሌ መጠነ ቁሱ 2 ኪሎ ግራም የሆነ ድፍን ሲሊንደር 30 ዲግሪ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ ሳይንሸራተት ቢንከባለል፥ የማዕከሉ ፍጥነት በየሰከንዱ በምን ያህል ይጨምራል? ተብላችሁ ብትጠየቁ፥ ብዙ ተማሪ በመጀመሪያ የሚጨነቀው የሲሊንደሩ ራዲየስ ስላልተሰጠው ነው፤ ቀጥሎም ሰበቃውን ለማግኘት የሰበቃውን ቁጥር በሰሌዳው ግፊት ያባዛል። ሁለቱም ከንቱ ድካም ነው። ራዲየሱ በመጨረሻ ተጣፍቶ ይወጣል፤ ሰበቃውም፥ ሲሊንደሩ ስለማይንሸራተት፥ ሰሌዳውን የነካው ነጥብ ለቅጽበት የቆመ በመሆኑ፥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይይዛል እንጂ እስከ ወሰኑ አይደርስም።

እንግዲህ ዛቢያችሁን በሲሊንደሩ ማዕከል ብታደርጉ፥ ክብደቱና የሰሌዳው ግፊት ቶርክ አጥተው ሰበቃው ብቻውን አዟሪ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ አንዱን እኩልታ ለመዞሩ፥ ሌላውን ለመውረዱ ጽፋችሁ ሁለቱን በአንድነት መፍታት ግድ ይሆንባችኋል። ዛቢያውን ሲሊንደሩ ሰሌዳውን በነካበት ቦታ ብታደርጉት ግን፥ ያልታወቀው ሰበቃ ከነግፊቱ ቶርክ አጥቶ ከእኩልታው ይወገዳል፤ የሚቀረው ክብደቱ ብቻ ነው። በዚህ ዛቢያ የኢነርሽያ ሞመንቱ በያኮብ ሽታይነር ስም በሚጠራው ደንብ መሠረት ግማሹ የማዕከሉ፥ አንዱ ሙሉ የርቀቱ ሆኖ፥ የመጠነ ቁሱና የራዲየሱ ካሬ ብዜት አንድ ተኩል እጅ ይሆናል። ውጤቱም በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ በሰበቃ አልባ ሰሌዳ ላይ ከሚንሸራተት ነገር ሁለት ሦስተኛው፥ ማለት 3.27 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ሰበቃውም 3.27 ኒውተን ሆኖ ይገኛል፤ የሁለቱ ቍጥሮች መመሳሰል መጠነ ቁሱ 2 በመሆኑ የመጣ አጋጣሚ ነውና ምሥጢር አትፈልጉበት።

ይህን ነፃነት ያየ ወጣት ዛቢያውን ባሻው ስፍራ ሊያኖር ይከጅላል፤ ለእርሱ ወሰኑን ልንገረው። ቶርክ የኢነርሽያ ሞመንትና የማዕዘናዊ ፍጥነት ጭማሪ ብዜት ነው የሚለው ቀላል ቀመር ያለ ፍርሃት የሚሠራው ዛቢያው የማይንቀሳቀስ ሲሆን ወይም በመጠነ ቁሱ ማዕከል ሲያልፍ ነው። ሰሌዳውን የሚነካው ነጥብ ዛቢያ እንዲሆን የሚፈቀደው ሲሊንደሩ ክብና መጠነ ቁሱ በዙሪያው የተስተካከለ ስለ ሆነ ነው፤ በአንድ ወገን እርሳስ የተቀበረበት ቢሆን ኖሮ አይፈቀድም ነበር። በተጠራጠራችሁ ጊዜ ወደ ማዕከሉ ተመለሱ።

መልሳችሁን በኢነርጂ ጥበቃ ሕግ መመርመርም አትርሱ። ከ1 ሜትር ከፍታ የወረደው ያ ሲሊንደር ታች ሲደርስ 3.61 ሜትር በሰከንድ ሲፈጥን፥ ሳይዞር ያለ ሰበቃ የተንሸራተተ ነገር ግን 4.43 ይፈጥናል፤ የጎደለው ፍጥነት ወደ መዞር የሄደው ድርሻ ነው። ማመን ያቃተው ሁለት ጣሳ ይዞ፥ አንዱ የቲማቲም ድልህ የሞላበት ሁለተኛው ባዶ ሆኖ፥ ጠረጴዛ አዘንብሎ በአንድ ጊዜ ይልቀቃቸው። የሞላው ይቀድማል፤ ያስቀደመው ግን ክብደቱ አይደለም፤ ትንሽ የሞላ ጣሳ ከትልቅ የሞላ ጣሳ ጋር ቢወዳደር አብረው ይደርሳሉ ማለት ይቻላል። ባዶውን ያዘገየው መጠነ ቁሱ ከዛቢያው ርቆ በጠርዙ መከማቸቱ ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ ርቀቱ በጊዜው ካሬ ልክ እንደሚያድግ ሲያስረዳ፥ መዞሩ ከፍጥነቱ ድርሻ መውሰዱ ግኝቱን አላበላሸበትም፤ የሚወሰደው ድርሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነበርና። የኢነርሽያ ሞመንትን በስሙ ጠርቶ በሥርዓት ያስተማረው ሌዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1765 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ስለ ራዲያን ብዙ አልልም። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው የሙዚቃ ሸክላ በሰከንድ 3.49 ራዲያን ይዞራል፤ ከማዕከሉ 15 ሴንቲ ሜትር የራቀ ነጥብም በሰከንድ 0.52 ሜትር ይጓዛል። ዙሩን ሳይለውጥ 33⅓ን በ0.15 ያባዛ ተማሪ በሰከንድ 5 ሜትር ብሎ ይጽፋል፤ ሸክላውን በዓይኑ ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይገባውም ነበር።

በመዘውር ጥያቄ ላይ ግን ቆም በሉ። የመዘውሩ መጠነ ቁስ ከተሰጣችሁ፥ በቀደመው ምዕራፍ የለመዳችሁትን፥ የገመዱ ውጥረት በሁለቱም ወገን እኩል ነው የሚለውን ሐሳብ ጣሉት። በአንዱ ጫፍ 3 ኪሎ ግራም፥ በሌላው 2 ኪሎ ግራም ተንጠልጥሎ፥ መዘውሩም 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድፍን ዲስክ ቢሆን፥ የዲስኩ ግማሽ መጠነ ቁስ ከተንጠለጠሉት 5 ኪሎ ግራሞች ጋር ይደመርና ጭማሪው 1.63 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል፤ መዘውሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር የሠራ ግን 1.96 ያገኛል። ውጥረቱ በከባዱ ወገን 24.5 ኒውተን፥ በቀላሉ ወገን 22.87 ኒውተን ነው፤ መዘውሩን የሚያዞረውም ይህ የ1.63 ኒውተን ልዩነት ነው።