ጩኸት ማስረጃ አይሆንም

ምእመናን ሆይ፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ ብር ሠሪው ድሜጥሮስ በኤፌሶን የሥራ ጓደኞቹን በቅዱስ ጳውሎስ ላይ አስነሣ። የሐዋርያው ትምህርት ሐሰት መሆኑን ግን አላስረዳም፤ የገቢያቸውን መጕደልና የአርጤምስን መናቅ ብቻ አነሣ። ሕዝቡም የሚበዛው ስለ ምን እንደ ተሰበሰበ ሳያውቅ ሁለት ሰዓት ያህል ጮኸ። ጥቅም፥ ቍጣና የሰው ብዛት የማስረጃን ስፍራ ያዙ።

ዛሬም ለሽምግልና ስንቀመጥ «አገር ያወቀው ነው» ወይም «አንተ የማን ልጅ ነህና?» ይባላል። የፊተኛው ብዛትን፥ የኋለኛው ትውልድን ይጠራል እንጂ ነገሩን አይነካም። ዕውር ሆኖ የተወለደውንም ሰው ፈሪሳውያን በልደቱ ነቅፈው አባረሩት፤ ዓይኑ ግን በርቶ ነበር።

እንግዲህ ከመፍረዳችን በፊት የጯኺውን ብዛት ሳይሆን የምስክሩን ቃል እንመርምር፤ ያለ ማስረጃ የተፈረደበት ድኻ ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ይደርሳልና።