ወዳጅ የሚመረጠው በምን ሚዛን ነው?

ከጎንደር ወደ ደቡብ ሲወረድ አዘዞ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን። በጎንደርና መተማ መስመር ቀደምት ሙስሊም ነጋዴዎች ቡናና ሰም አመላልሰዋል። ነገር ግን ሰውም እንደ ሸቀጥ ተሸጦ አልፎበታል። ትርፍ ብቻውን ዳኛ ሲሆን ንግድ የት ድረስ እንደሚወርድ መስመሩ ራሱ ምስክር ነው።

ዛሬም አገራችን መንታ መንገድ ላይ ናት። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣቻት። በ2016 ደግሞ ቻይናና ሕንድ ካሉበት የብሪክስ ማኅበር ገባች። ምዕራቡ ፊቱን ሲያዞር ምሥራቁ ተቀበለን ብለው የተደሰቱ ብዙዎች ናቸው። ለመሆኑ ጌታ መለወጥ ነፃነት ነውን?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት በመካ የተገኙበትን የሒልፈል ፉዱል ቃል ኪዳን እናስታውስ። መነሻው ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን የተከለከለ የየመን ነጋዴ አቤቱታ ነበር። ባለዕዳው የመካ ባላባት ነው፤ ቃል የተገባቡት የመካ ሰዎች ግን ከወገናቸው ይልቅ ከተበደለው እንግዳ ጎን ቆሙ።

እንግዲህ ገበያ የሚከፍትልን፣ ብድር የሚሰጠን ማንም ይሁን ማን ጥያቄው አንድ ነው፤ ሚዛኑ ትክክል ነውን? የሙጠፊፊን ምዕራፍ ሰፍሮ የሚያጎድልን ሲያስጠነቅቅ አገሩን አይጠይቅም። እኛም ከኃያላን ፍትሕ የምንሻ ከሆነ መተማ ላይ ለጎረቤታችን የምንሰፍርበት ቁና አስቀድሞ ሙሉ ይሁን።