ገመዱና ክንዱ

ከአዲግራት ወደ አድዋ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው ደብረ ዳሞ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ነው። ደረጃ የለውም። አናቱ ላይ ወዳለው ገዳም የሚሄድ ሰው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ዓለት በገመድ ይወጣዋል፤ የሚወጡትም ወንዶች ብቻ ናቸው። ገመዱ ሁለት ነው። አንዱ ከቆዳ የተገመደ ወፍራም ጠፍር፣ በእጅ የሚያዝ፤ ሌላው ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ጫፉን ከላይ የቆመ መነኩሴ የሚስበው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊ ወደዚያ አምባ የወጡት በዘንዶ እንደሆነ ይተረካል። ምሳሌዬ ግን የዘንዶው ሳይሆን የሁለቱ ገመዶች ነው።

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ለጥቅምት 14ቱ የአቡነ አረጋዊ ክብረ በዓል ከላስታ ተነሥቶ ሄደ አሉ። ክንዱ ከልጅነቱ መዶሻ የለመደ፣ ያገሩ ሰው በጉልበቱ የሚመካበት ጎልማሳ ነበር። መንገድ ላይ ያገኛቸው አንድ ሽማግሌ አብረውት ይጓዙ ነበር፤ ስንቃቸውን የተሸከመላቸውም እሱ ነው።

ከገደሉ ሥር ሲደርሱ ሽማግሌው ቀደሙ። ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ቋጠሮውን ጎተት አድርገው ፈተሹ፣ ቀና ብለውም “አባ፣ እንግዲህ በእርስዎ ነኝ” አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው መላ ክብደታቸውን ለገመዱ ሰጡት። መነኩሴው እየሳቡ፣ እሳቸው ዓለቱን እየረገጡ፣ ጠፍሩን እንደ ነገሩ ያዝ አድርገው ብዙም ሳይቆዩ ላይ ደረሱ።

ጠራቢውም ተራው ሲደርስ ታሰረ። እምቢ አላለም፤ ደንቡ ነውና። በልቡ ግን “ይህ ለደካማ ነው” ይል ነበር። ጠፍሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ በክንዱ ብቻ ይወጣ ጀመር፤ ከመነኩሴውም ቀደመ። የወገቡ ገመድ ላልቶ ጎኑ ላይ ይወዛወዛል፤ መነኩሴው የላላውን ከመሰብሰብ በቀር የሚስቡት አልነበራቸውም። ከሥር ያሉት ምዕመናን አደነቁለት።

እኩሌታው ላይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ላይ መሄድ አቃተው፤ ወደ ታች ማየትም አስፈራው። መነኩሴው ሳቡ። አልተንቀሳቀሰም፤ ጠፍሩን አንቆ ይዞታልና።

“ልጄ፣ ጠፍሩን ላላ አድርገው፤ ሰውነትህን ለእኔ ተውልኝ።”

“አባቴ፣ ከለቀቅሁ እወድቃለሁ።”

“ታስረሃል እኮ።”

“መታሰሩንስ ታስሬአለሁ…” አለና ቃሉን መጨረስ አቃተው።

“እኔን የከበደኝ ክብደትህ አይደለም፤ ጭብጥህ ነው። እግርህን ዓለቱ ላይ አድርግና እጅህን አላላ።”

አላላ። ደፍሮ ሳይሆን ክንዱ ስላለቀ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አለ፤ ነፍሱ ከጉሮሮው ደረሰች፤ ገመዱም ወገቡ ላይ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሽማግሌው የሄዱበት ነበር። ላይ ሲደርስ ቁጭ አለና “አባቴ፣ ከየት ጀምሮ ነው የያዙኝ?” ሲል ጠየቀ። “ከታሰርህበት ጀምሮ” አሉት።

ይህን ሰው ከሃዲ ማለት አይቻልም። ታስሯል። የብዙዎቻችንም ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተጠምቀናል፣ እንጾማለን፣ ተንበርክከን እንጸልያለን። ከጸሎቱ ስንነሣ ግን የልጆቹን ክፍያ፣ የምርመራውን ውጤት፣ የነገውን እንጀራ መልሰን በራሳችን ትከሻ ላይ እንጭነዋለን።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ላይ አብራም የእግዚአብሔርን ተስፋ አምኖ ጽድቅ ሆኖ ይቆጠርለታል። ምዕራፍ 16 ላይ ያው ሰው፣ በከነዓን 10 ዓመት ተቀምጦ ልጅ ስላላየ፣ የሚስቱን የሦራን ምክር ሰምቶ ባሪያይቱን አጋርን ይወስዳል። ምክሩ የክህደት አልነበረም፤ የዘመኑ ልማድ የሚፈቅደው፣ አስተዋይ ሰው የሚመክረው ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም ይህ ነው። በራስ መታመን አብዛኛውን ጊዜ ብልሃት መስሎ ይመጣል። ዋጋውንም የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ያኔ ነፍሰ ጡር ሆና ወደ በረሃ የሸሸችው ባሪያይቱ አጋር ናት።

ደግሞ ክንድን ማላላት እግርን ማጠፍ አይደለም። ጸልዮ ደብተሩን ያልገለጠ ተማሪ፣ ጸበል ተጠምቆ መድኃኒቱን የጣለ ሕመምተኛ፣ ገመዱን አመነ አይባልም፤ እግሩን ከዓለቱ ላይ አነሣ እንጂ። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። ሽማግሌውም እኮ ረግጠው ነው የወጡት።

ወደ አብራም ስንመለስ፣ ካራንን ለቆ ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ከአጋር እስማኤል ሲወለድለት 86። ከዚያ በኋላ ስላሉት 13 ዓመታት መጽሐፉ ምንም አይነግረንም። በ99 ዓመቱ እግዚአብሔር ዳግመኛ ተገለጠለት፤ ኪዳኑን አጸናለት፤ ስሙንም አብርሃም፣ የሦራንም ሣራ አለው። ሣራ ትወልዳለች ሲባል ግን አብርሃም በግንባሩ ተደፍቶ ሳቀ፤ እስማኤል በሕይወት ቢኖርለት እንደሚበቃው ተናገረ። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶም በራሱ ክንድ ያገኘውን አልለቀቀም ነበር። መልሱ ቁጣ አልነበረም። ገና ያልተፀነሰው ልጅ ስም ተነገረው፣ የሚወለድበትም ጊዜ ተቆረጠለት፤ ስለ እስማኤል የለመነውም ተሰማለት።