ስለ አሮጌ ጠመንጃና ስለ አዲስ መነጽር

ሰው በእጁ የያዘው መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር ልቡ አብሮ ይሻሻላልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በአቃቂ ቃሊቲ ከሚገኙት አጥቢያዎች በአንዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ጥላ ሥር የሰማነው የአባትና የልጅ ክርክር ነው።

አባትየው በመረሬው መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ እየዘሩ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ግን በአሜሪካ አገር የሚኖር ሲሆን ለዕረፍት መጥቶ ነበር። በዚያ አገር ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ እየተጨመረ በዘንግ በሚጠቀጠቅ ጠመንጃ አጋዘን እንደሚያድን፣ በጠመንጃውም ላይ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር እንደ ገጠመበት አጫወታቸው። አባትየውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፦ «ልጄ፣ ቆመህ ጠብቀኝን ይዘህ እንስሳው ሳያይህና ሳያሸትህ ከሩቅ ከጣልኸው፣ ጠብቀኝ ያልኸው ማንን ነው?» አሉት። ልጁም፦ «አባባ፣ እኔ እኮ አቁስዬ እንዳልሰደው ብዬ ነው» ሲል መለሰ። ከዚያም ሁለቱም ወደ እኛ ዘወር ብለው ፍርድ ጠየቁን። እኛም በችኮላ ከመፍረድ ይልቅ ነገሩን መመርመር መረጥን።

ሕዝባችን ቶሎ የማይጎርሰውን ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ማለቱ ቀልድ ብቻ አይደለም። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ የሠለጠነ እንኳ ቢሆን፣ በአንድ ደቂቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ለመተኮስ ይቸገራል። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዘመቻ የዐፄ ቴዎድሮስ ነፍጠኞች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሲዋጉ፣ የእንግሊዝ ጦር በኋላው የሚጎርስ ስናይደር የተባለ ጠመንጃ ይዞ ስለ ነበር፣ የመዘግየት ዋጋ ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ ታየ። በጦር ሜዳ ጉዳት የሆነው ይህ መዘግየት ግን በአደን ሌላ መልክ አለው፤ ለእንስሳው የማምለጫ ፋታ፣ ለአዳኙም የትዕግሥት ትምህርት ቤት ነውና።

በአሜሪካ ያሉ ብዙ ግዛቶች ለዚህ ጠመንጃ የተለየ የአደን ወራት የመደቡት ስለዚሁ ነው። መሣሪያው አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ለያዘው ሰው ሌላው አዳኝ የማያገኘው ጊዜ ተፈቀደለት። ነገር ግን መሣሪያው እየረቀቀ ሄደ። በተራ ማነጣጠሪያ መቶ ሜትር ያህል የነበረው አስተማማኝ ርቀት፣ በአዲሱ አሠራርና በአጉሊ መነጽር ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ሆነ። ዩታ የተባለው ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 አጉሊ መነጽርን በዚህ ወራት ፈቅዶ ነበር፤ በ2024 ግን መልሶ ከለከለ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጾም ሥጋን ለማድከምና ነፍስን ለማንቃት ተሠራ። ሥጋና ቅቤን ትቶ በምትኩ ከፍስኩ ማዕድ የሚበልጥ ጣፋጭ የሚያሰናዳ ሰው ግን የሕጉን ፊደል ጠብቆ ምሥጢሩን ጥሏል። ስለ ድካም የተሰጠን ዕድል ይዞ ድካሙን ብቻ አውልቆ መጣል፣ በማዕድም ሆነ በአደን አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። የዚያ ስሙ ጾም ነው፤ የዚህም ስሙ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ሁለቱም ከስም በቀር የቀራቸው የለም።

ሆኖም የልጁን ቃል ንቀን ልናልፈው አይገባም። ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ በየጢሻው እየተንከራተተ በሥቃይ ይሞታል፤ ሥጋውም ለማንም አይጠቅምም። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ መጽሐፉ በ12ኛው ምዕራፍ ለእንስሳ መራራትን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ17ኛው ምዕራፍም አዳኝ የያዘውን እንስሳ ደም አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ታዝዟል፤ ይኸውም ሥጋው ቢፈቀድለት ሕይወቱ የእርሱ እንዳልሆነች ያውቅ ዘንድ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ተከልክሏል። እንግዲህ ሕጉ አደንን አልከለከለም፤ ነገር ግን የሚችለውን ሁሉ እንዳያደርግ በሰው እጅ ላይ ወሰን አኖረ።

ታዲያ መነጽሩ ከወሰኑ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ዓይናቸው የደከመ መሪጌታ መነጽር አድርገው ድጓ ቢያነቡ የሚነቅፋቸው የለም፤ መነጽሩ ፊደሉን አጎላላቸው እንጂ ዜማውን አልተማረላቸውምና። እንዲሁም አዳኝ መነጽሩን ገጥሞ፣ እንደ ቀድሞው በነፋሱ አቅጣጫ ተጠንቅቆ፣ በጉልበቱ ተንፏቅቆ፣ ያለ መነጽር ይተኩስበት ከነበረው ርቀት ላይ ብቻ ቢተኩስ፣ መነጽሩ የምሕረት አገልጋይ ሆኗል። ነገር ግን በመነጽሩ ተማምኖ ርቀቱን እጥፍ ቢያደርግ፣ ያገኘውን ማስተካከል ሁሉ መልሶ ለርቀቱ ከፍሎታል፤ የማቁሰሉም አደጋ እንደ ገና ተመለሰ። ለርኅራኄ ተብሎ የተገዛው ለስንፍና ዋለ ማለት ነው። ሕግ መነጽሩን በከለከለበት ስፍራም ርኅራኄን ማመካኘት አይቻልም፤ መቅረብ ያልቻለ ሰው ባለመተኮስ ሊራራ ይችላልና።

በአገራችንም ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው በፉከራ ይከበር የነበረው ወደ አደጋው ስለ ቀረበ ነበር። ዛሬ ግን ዘመኑ ሌላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ስለ ዱር እንስሳት አጠባበቅ ከወጣው አዋጅ ጀምሮ እስከ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ድረስ አደን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደንግጓል፤ የጦር መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር በበጋ ከሩቅ ሰሜን መጥተው የሚያርፉትን ወፎች ያለ ፈቃድ የሚተኩስ ሰው፣ መሣሪያው አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ተረቷል።

ከዚህ ከአቃቂ ሜዳ ሰማዩ ሲጠራ የዝቋላ ተራራ ይታያል። በዚያ የሚታሰቡት ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው እናያለን። አራዊቱ ወደ እርሳቸው የቀረቡት በመሣሪያ ተገድደው አልነበረም። እኛ ወደዚያ መዓርግ ባንደርስ እንኳ፣ ቢያንስ የምንገድለውን ፍጥረት ቀርበን እንድናየው ይገባናል።

ስለዚህ ለልጁ፦ «መነጽሩን ስትገጥም የጨመርኸው ምሕረትን ነው ወይስ ርቀትን?» አልነው። ጥቂት አሰበና፦ «ርቀትንም ጨምሬአለሁ» አለ። አባቱም ትከሻውን ይዘው፦ «እንግዲያስ እውነቱን ተናገርህ፤ ከዚህ በኋላ ቅረብ» አሉት። እኛም ከዚህ የሚበልጥ ፍርድ አላገኘንም።

እግዚአብሔር አምላክ በእጃችን ካለው ኃይል የሚበልጥ ልብ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።